«አውትን ቅበሩት» ላሉን ወዳጃችን

ሰሞኑን ባሕር ዳር ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ጽሑፍ እየተቀባበልን ስናነብ ከርመናል። ርእሱ «አውትን ቅበሩት» ይላል። ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ የሚያስተምሩ ባለሙያ ናቸው። አጻጻፋቸው ይጥማል፤ ነገሩንም ያውቁታል። መደምደሚያቸው ግን አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ጉዳዩ ወዲህ ነው። በማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም ቋንቋ በሲ ሻርፕ አንድ ሜተድ (ስም ያለው የኮድ ክፍል) ለጠራው የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። ሁለት ወይም ሦስት ውጤት ሲያስፈልግስ? አንዱ መንገድ አውት ፓራሜትር ነው፤ ጠሪው ቫሪያብሉን (ዋጋ የሚቀመጥበትን ቦታ) ያቀብላል፣ ሜተዱ ውጤቱን እዚያ ላይ ይጽፍለታል። ሌላው ቱፕል ነው፤ ውጤቶቹ በአንድ ቅንፍ ታስረው ይመለሳሉ። ሌላው ደግሞ ለውጤቶቹ የራሳቸውን ስትራክት ወይም ሬከርድ፣ ማለትም ስም ያለው የዳታ ዓይነት፣ መሥራት ነው። ጸሐፊው ቱፕልን ያዙ፣ አውትን ቅበሩ ነው የሚሉት። ምክንያታቸው፦ አውት ያረጀ ነው፣ አደገኛ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ከአሲንክ (ሥራውን አቋርጦ ኋላ ከሚቀጥል ሜተድ) ጋር አይሄድም፣ ኮድ ያደበዝዛል፣ ማይክሮሶፍት ራሱም እየተወው ነው። ስለዚህ ለተማሪ አናስተምረው ይላሉ።

ከዚህ ውስጥ የምቀበለው አለ። የማልቀበለው ይበዛል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እሳቸው ያላነሡትን የአውት ጉድ እኔው አነሣለሁ።

«ያረጀ ነው»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሐሳቡ የቆየ ነው፣ እውነት ነው። በሲ ቋንቋ ስካንኤፍን የተጠቀመ ሁሉ የቫሪያብሉን አድራሻ እያቀበለ ነው ያደገው። የአዳ ቋንቋ የ1983 መስፈርት የሚገባውን፣ የሚወጣውንና የሚገባም የሚወጣም የሆነውን ፓራሜትር ለይቶ አስቀምጧል። ሲ ሻርፕም በ2002 ሲወጣ አውትን ይዞ ነው የመጣው። (የቋንቋዎቹን ዓመት የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ታዲያ ማርጀት ብቻውን ምን ክስ ይሆናል? ፎር ሉፕም አርጅቷል፤ ቅበሩት ያለ ግን አልሰማሁም።

ጸሐፊው አንድ ምሳሌ ያመጣሉ። አውት መጠቀም «ምሳ ተጋብዞ ሳህን ይዞ እንደመሄድ ነው» ይላሉ። ሳቅኩ። ግን ዳንግላ ገበያ ማር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ዕቃውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማንም አይስቅበትም። አውት ላይ ደግሞ ዕቃው ባዶውን እንዳይመለስ የሚቆጣጠር አለ፤ ኮዱን መርምሮ የሚተረጉመው ኮምፓይለሩ። ሜተዱ አውት ፓራሜትሩ ውስጥ ምንም ሳያስገባ ልመለስ ቢል ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም። ቫሪያብሉ ቀድሞ የያዘውን ልጠቀም ቢልም አይፈቅድለትም፤ መጀመሪያ ራሱ መጻፍ አለበት። ሬፍ በተባለው ሌላ የፓራሜትር ዓይነት ላይ ይህ ቁጥጥር የለም። ጸሐፊው ሬፍንና አውትን አንድ አድርገው ይወቅሷቸዋል። ራንታይሙ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ክፍል) ላይ አንድ መሆናቸው ልክ ነው፤ በሬፍና በአውት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሜተዶችን በአንድ ስም መጻፍ የማይቻለውም ለዚህ ነው። ቁጥጥሩን የጨመረው ቋንቋው ነው። እኛ ደግሞ የምንጽፈው በቋንቋው ነው።

«አደገኛ ነው፣ ዜሮ ይሰጥሃል»

የጽሑፉ ዋና ክስ ይህ ይመስለኛል። ኢንት ትራይፓርስ የተባለው ሜተድ የተሰጠውን ጽሑፍ ወደ ኢንት፣ ማለትም ወደ ሙሉ ቁጥር፣ መቀየር ሲያቅተው አውቱ ውስጥ 0 ያስገባል። ፕሮግራመሩ ካላስተዋለ ዜሮውን እንደ እውነተኛ ቁጥር ይዞት ይሄዳል። ጸሐፊው ይህን «አውት ያመጣው ጣጣ» ይሉታል።

እስቲ እኛ አካባቢ በሚገባ ነገር እንየው። ቡሬ ላይ ከገበሬ በቆሎ የሚረከብ ማኅበር አለ እንበል። መዝጋቢዋ መጠኑን ትጽፋለች፣ ፕሮግራሙ ወደ ቁጥር ይቀይራል። ቁጥሩ ክፍልፋይ ስላለው ዴሲማል ትራይፓርስ ነው የሚሠራው። «47.5 ኩንታል» ብላ ቃሉን ጨምራ ብትጽፍ ትራይፓርስ ሐሰት ይመልሳል፤ አውቱ ላይ 0 ይቀመጣል። ፕሮግራመሩ ሐሰት መባሉን ሳያይ ዜሮውን ዳታቤዝ ውስጥ ከከተተ ገበሬው ባዶ ጆንያ ይዞ እንደመጣ ተቆጠረ። መጥፎ ስሕተት ነው።

ግን ሜተዱን ወደ ቱፕል ብንቀይረው ምን ይሻሻላል? ሐሰትና 0 በአንድ ቅንፍ ታስረው ይመለሳሉ። ግድ የሌለው ፕሮግራመር ሁለተኛውን ይወስድና የመጀመሪያውን ሳያይ ይጥለዋል። ዜሮው ያው ዜሮ ነው። ጥፋቱ የተሠራው የተነገረውን ባለመስማት ነው፤ የተነገረበት መንገድ ምንም አላጠፋም።

እንዲያውም እዚህ ቦታ ላይ አውት ይሻላል ባይ ነኝ። ሜተዱ የሚመልሰው ቡል (እውነት ወይም ሐሰት) ስለሆነ በቀጥታ ኢፍ (የ«ከሆነ» ቅድመ ሁኔታ) ውስጥ ይገባል። ቁጥሩን ለማግኘት በእውነትና በሐሰቱ በር ማለፍ ልማድ ይሆናል። ጸሐፊው «ቫሪያብሉን አስቀድሞ በሌላ መስመር ማወጅ ግድ ነው» ማለታቸው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ሲ ሻርፕ 7 በ2017 ከወጣ ወዲህ አውት ቫር ብሎ እዚያው ጥሪው ውስጥ ማወጅ ይቻላል። የድሮ ኮድ አይተው ከሆነ አልፈርድባቸውም፤ ብዙው የማስተማሪያ ጽሑፍ ዛሬም በድሮው መንገድ ነው የሚያሳየው።

የበለጠ ጠንካራ ምክንያትም አለኝ። ሲ ሻርፕ 8 በ2019 ሲወጣ ነል (ምንም ዋጋ የሌለው) ሊሆን የሚችለውንና የማይችለውን ኮምፓይለሩ እንዲለይ ተደረገ። በዚህ አሠራር አውት ፓራሜትር ላይ «ሜተዱ እውነት ከመለሰ ይህ ነል አይደለም» የሚል ምልክት መለጠፍ ይቻላል። ኮምፓይለሩ ምልክቱን ያነባል። ኢፉ ውስጥ ስትጠቀምበት ዝም ይልሃል። ሳታረጋግጥ ውጭ ላይ ስትነካው ያስጠነቅቅሃል። በቡሉና በውጤቱ መካከል ያለውን ዝምድና ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው። ቱፕል ውስጥ ላለ አንድ አባል እንዲህ ያለ ምልክት የሚለጠፍበት ቦታ የለም። ታዲያ አደገኛው የትኛው ነው?

«ውጤት ከሌለ ነል ይመለስ፣ አለቀ» የሚሉም አሉ፤ ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነክተውታል። ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የማያዋጣው ነል ራሱ መረጃ ሲሆን ነው። የገበሬዎችን ስልክ በስማቸው የያዘ ዲክሽነሪ ውሰድ። ስልኩ ነል ከሆነ ገበሬው ስልክ የለውም። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ግን አልተመዘገበም። ከዲክሽነሪው የሚፈልገው ትራይጌትቫልዩ ሁለቱን ለይቶ ይነግርሃል። ነል ብቻ የሚመልስ ሜተድ ያምታታብሃል።

ስለ አደጋ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአውትም ከቱፕልም ጋር ባይያያዝም ዝም ማለት አልቻልኩም። መዝጋቢዋ ነጥቡን ትታ በኮማ «47,5» ብትጽፍስ? ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛው ቅንብር የሚሠራ ከሆነ ደብል ትራይፓርስም ዴሲማል ትራይፓርስም አያቅታቸውም። ኮማውን የሺህ መለያ አድርገው ያልፉትና 475 ይሰጡሃል። እውነት ብለውም ይመልሳሉ! አርባ ሰባት ተኩል ኩንታል አሥር እጥፍ ሆነ። ክፍያው ሲሠራ ማን እንደሚደሰትና ማን እንደሚታሰር አስበው። በግእዝ ቁጥር «፵፯» ብትጽፍ ደግሞ ሐሰት ነው፤ ትራይፓርስ የሚያውቀው ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች ብቻ ነው። መፍትሔው የሚፈቀደውን የቁጥር አጻጻፍ ራስህ ወስነህ ማቀበል ነው፤ የሺህ መለያን አትፍቀድ። አውትን ቀብረህ ይህን ብትተወው ምንም አላተረፍክም።

«ቀርፋፋ ነው»

ጸሐፊው ቱፕል ፈጣን፣ አውት ቀርፋፋ ነው ብለው በሁለት መስመር ያልፉታል። ነገሩ እንዲህ አይታለፍም። በ2010 ከዶትኔት 4 (ሲ ሻርፕ ከሚሠራበት መድረክ) ጋር የመጣው የመጀመሪያው ቱፕል ክላስ ነበር። በፈጠርከው ቁጥር ሂፕ (አንድ የሜሞሪ ክፍል) ላይ ቦታ ይይዛል፤ ኋላ የማያስፈልገውን የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተር ይለቅመዋል። በ2017 ከአዲሱ አጻጻፍ ጋር የመጣው ቫልዩቱፕል ግን ስትራክት ነው፤ ያ ጣጣ የለበትም። ጸሐፊው የሚያሞግሱት ይህን ነው፤ ሙገሳውም ይገባዋል። ይሁንና አውትም ሂፕ ላይ ምንም አይፈጥርም።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። ሦስት ኢንት የያዘ ቱፕል 12 ባይት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ይህን የሚያክል ስትራክት በሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ፈጣን ቦታ) አይመለስም። ጠሪው ቦታ አዘጋጅቶ አድራሻውን በስውር ያቀብላል፣ ሜተዱ እዚያ ላይ ይጽፋል። ከላይ ቱፕል የምንለው ከታች የአውትን ሥራ ይሠራል። ሊኑክስ ላይ እስከ 16 ባይት ያለው በሁለት ሬጂስተር ሊመለስ ስለሚችል እዚያ ቱፕል ትንሽ ይቀናዋል። አድራሻው የተሰጠን ቫሪያብልም ፕሮግራሙ ሲሄድ የሚተረጉመው ጂት ኮምፓይለር ሬጂስተር ውስጥ ማቆየት ይቸግረዋል፤ በጣም በሚደጋገም ሉፕ ውስጥ አውት ሊጎተት ይችላል። ሜተዱ ትንሽ ሆኖ ጠሪው ውስጥ ከተዋጠ ይህም ልዩነት ይጠፋል።

ለማንኛውም የኛ ፕሮግራሞች ጊዜያቸውን የሚጨርሱት ዳታቤዝና ኔትወርክ ላይ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል ኔትወርኩ በሚጠፋበት ከተማ ቁጭ ብሎ ስለ ናኖሰከንድ መከራከር ትንሽ ያሳፍራል።

«ከአሲንክ ጋር አይሄድም»

ትክክል ናቸው። አሲንክ ሜተድ አውትም ሬፍም ኢንም መያዝ አይችልም። አዌይት (ጠብቅ የሚለው ትእዛዝ) ላይ ሲደርስ ለጠሪው ተመልሶ፣ ሥራውን በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ሲቀጥል የጠሪው ቫሪያብል ስታክ (ሜተዱ ሲያልቅ የሚለቀቅ ሜሞሪ) ላይ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ውጤቱን አንድ በአንድ በዪልድ የሚሰጥ ኢተሬተርም ላይ ክልከላው ያው ነው። ላምዳ (ስም የሌለው ትንሽ ሜተድ) ውስጥ ሆኖ የውጪውን ሜተድ አውት ፓራሜትር መንካትም አይቻልም። ዛሬ ዳታቤዝ የሚነካ ሜተድ በአብዛኛው አሲንክ ስለሆነ እዚያ ሰፈር አውት ቦታ የለውም።

ጸሐፊው ሳያነሡ ያለፉት፣ እኔን ግን ከአሲንክ በላይ የሚያሳስበኝ አለ። ሜተዱ አውት ላይ የሚጽፈው ነገር የሚታየው ወዲያው ነው፤ እስኪጨርስ አይጠበቅም። ሦስት አውት ያለው ሜተድ ውሰድ። ሁለቱን ጽፎ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ኤክሰፕሽን (ሥራ የሚያቋርጥ የስሕተት ምልክት) ቢወረውር ሁለቱ ተቀይረዋል፣ ሦስተኛው የድሮውን እንደያዘ ነው። ያቀበልከው የክላስህን ፊልዶች (የውስጥ ቫሪያብሎች) ከነበረ ኦብጀክቱ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ቀረ። ኤክሰፕሽኑን ይዘህ ሥራ ከቀጠልክ ስሕተቱ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቀን ይወጣል። ቱፕል ሲሆን ወይ ሁሉም ይደርስሃል ወይ ምንም አይደርስህም። ከአንድ በላይ አውት ያለው ሜተድ ሳይ ፊቴን የማኮሳትረው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ይህን ቢይዙ ኖሮ ይህን መልስ መጻፍ ይከብደኝ ነበር።

«ቱፕል ኮዱን ያጠራዋል»

እዚህ ላይ ያመጡት ምሳሌ ግሩም ነው። ዶትኔት ውስጥ የዕብራውያን፣ የሂጅራና የፋርስ ካሌንደር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ ግን የለም። ስለዚህ እዚህ አገር ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራመር ሁሉ የራሱን መቀየሪያ ይጽፋል። ጸሐፊውም የአውሮፓን ቀን ተቀብሎ ዓመት፣ ወርና ቀን የሚመልስ ሜተድ ጽፈዋል። በሦስት አውት ሲጻፍ ያስቀይማል፣ በቱፕል ሲጻፍ ያምራል ይላሉ። ማማሩን አልክድም።

ግን ሦስቱም ኢንት ናቸው። ቱፕሉን ስትበትነው ኮምፓይለሩ የሚያየው ተራቸውን ነው። ሜተዱ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ የመለሰውን ጠሪው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ቢቀበለው ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም። እኛ ደግሞ ወረቀት ላይ ቀኑን አስቀድመን ነው የምንጽፈው፤ እጅ በልማድ ይሄዳል። የሰጠሃቸው ስሞችም ራንታይም ላይ የሉም፤ የሚቀረው አይተም 1፣ አይተም 2 ነው። ቱፕሉን በሲስተም ቴክስት ጄሰን ላይብረሪ ወደ ጄሰን (ዳታ በጽሑፍ ወደሚላክበት ቅርጽ) ልቀይረው ብትል ምንም ካላስተካከልክ በስተቀር የምታገኘው ባዶ ቅንፍ ነው። የቱፕል አባላት ፊልዶች ናቸው፤ ላይብረሪው ደግሞ ካላዘዝከው ፕሮፐርቲ እንጂ ፊልድ አይጽፍም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን ተለያይተው አይኖሩም፤ ተጋግዘው አንድ ዕለት ናቸው። እርስ በርስ የሚያስራቸው ሕግም አለ። ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 ወይም ከ6 አይበልጥም። 6 የሚሆነው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። 2015 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፤ ለዚህ ነው የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ በሴፕቴምበር 12 የዋለው። ይህን ሕግ ቱፕል ውስጥ የት ታስቀምጠዋለህ? 2016፣ 13፣ 30 የሚል ቱፕል ማንም መሥራት ይችላል። በ2021 ከሲ ሻርፕ 10 ጋር የመጣውን ሬከርድ ስትራክት ብትጠቀም ግን ሲፈጠር የሚሠራው ኮንስትራክተር ላይ ትፈትሻለህ። ዘመነ ማቴዎስ ይሁን ዘመነ ማርቆስ እሱ ራሱ ይነግርሃል። ዲፎልት የሆነ ስትራክት ፍተሻውን ሳይነካ ያልፋል የሚል ጠያቂ ይኖራል፤ ያ የሚያሳስብህ ከሆነ ክላስ የሆነውን ሬከርድ ውሰድ።

ይህን ሁሉ ሸሽቶ የኢትዮጵያን ቀን በቀጥታ ዴትታይም በተባለው የዶትኔት የቀን ዓይነት ውስጥ የሚከት ሰውም አለ። ይህ ከሁሉም ይብሳል። ወር 13 ሲባል ዴትታይም ኤክሰፕሽን ይወረውራል። ጳጉሜንም አትጠብቅ፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ለዴትታይም ፌብሩዋሪ 30 ነው። እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጥቅምት 29 የሚያልፈውም በአንዳንድ ዓመት ብቻ ነው። እህል ሊገባ ሲል፣ መጋዘኑ ሥራ ሲጀምር ፕሮግራሙ ይቆማል።

እንግዲህ የኔ አቋም እንዲህ ነው። ውጤቶቹ ሁልጊዜ አብረው የሚኖሩ የአንድ ነገር ክፍሎች ከሆኑ ዓይነት ሥራላቸው። ከአንድ ክላስ የማይወጣ፣ ፕራይቬት የሆነ ትንሽ ሥራ ከሆነ ቱፕል ይበቃል። አንዱ ውጤት ትርጉም የሚኖረው ሌላው እውነት ሲሆን ብቻ ከሆነ ደግሞ ስሙ በትራይ የሚጀምር ሜተድና አንድ አውት። መለኪያዬ በውጤቶቹ መካከል ያለው ዝምድና ነው።

«ማይክሮሶፍት ራሱ ትቶታል»

ማስረጃቸው ማዝ ዲቭሬም ነው። ይህ ሜተድ ድርሻውን ይመልሳል፣ ቀሪውን በአውት ያወጣል። በ2021 ዶትኔት 6 ሲወጣ ሁለቱንም በቱፕል የሚመልስ አቻ ተጨመረለት። እውነት ነው። ግን ድርሻና ቀሪ ሁልጊዜ አብረው የሚገኙ ውጤቶች ናቸው፤ ቱፕሉ ቦታው ላይ ነው የገባው። በዓመቱ፣ በ2022፣ ዶትኔት 7 አይፓርሰብል የተባለ አዲስ ኢንተርፌስ (ዓይነቶች የሚያሟሉት ውል) ይዞ መጣ። ውስጡ ምን አለ? ትራይፓርስ፣ ከነአውቱ። ትቼዋለሁ ያለ ሰው ከባዶ የጻፈው አዲስ ኢንተርፌስ ውስጥ መልሶ አያስገባውም።

«አውት ፓራሜትርን አስወግዱ» የሚለውን የኮድ ትንተና ደንብ ቁጥር 1021ንም ጠቅሰዋል። ደንቡ አለ። ጥቅሱ ያቆመው ግን አንድ አንቀጽ ቀድሞ ነው፤ ትራይፓርስን የመሰሉ የትራይ ሜተዶች ደንቡን እንደጣሱ እንደማይቆጠሩ እዚያው ተጽፏል።

«ለተማሪ አናስተምረው»

እንዴት ይሆናል? የመጀመሪያ ሴሚስተር ተማሪ ከኪቦርድ ቁጥር የሚቀበል ፕሮግራም ሲጽፍ ትራይፓርስን ያገኘዋል። አልተማርኩትም ብሎ ሲያቅተው ኤክሰፕሽን የሚወረውረውን ፓርስን ሊጠቀም ነው? ወይስ ሳይገባው ሊገለብጠው?

ለኔ ተማሪ ብሰጠው የምወደው የቤት ሥራ ይህ ነው። በጽሑፍ የመጣ የኢትዮጵያ ቀን ተቀብሎ፣ መሳካቱን በቡል የሚመልስ፣ ቀኑን በአንድ አውት የሚያወጣ ሜተድ ይጻፍ። አውቱ የሚይዘው የራሱ የተማሪው ሬከርድ ስትራክት ይሁን። መፈተኛው፦ 30/02/2016 እውነት፣ 06/13/2015 እውነት፣ 06/13/2016 ሐሰት፣ 05/13/2016 እውነት፣ «ጥቅምት 30» ተብሎ በቃል የተጻፈው ደግሞ ለጊዜው ሐሰት። ቀኑን ከዳታቤዝ የሚያነበውን አሲንክ ሜተድ ሲጽፍ ሬከርዱን ራሱን ይመልስ፤ እዚያ አውት የለም።